የሸክላ ጌጥ በበዓል ዋዜማ አይጀመርም

ክቡር አዘጋጅ፣

በዓል በተቃረበ ቁጥር ከልጆች ጋር የሸክላ ጌጥ ስለመሥራት የሚወጡ ምክሮችን በደስታ አነባለሁ። ይሁን እንጂ አብዛኞቹ ስለ ቅርጹና ስለ ቀለሙ በሰፊው ካብራሩ በኋላ ስለ ማድረቁ በአንድ መስመር ብቻ ስለሚያልፉ፣ ከልጆቼ ጋር ለዓመታት ስሠራ ያየሁትን ለአንባቢዎቻችሁ ማካፈል ተገቢ መስሎ ታይቶኛል።

የ6 ዓመት ልጄ በአንድ በዓል ዋዜማ ወፍ ሠራች። «ለነገ ይደርሳል?» ብላ ስትጠይቀኝ «ይደርሳል» አልኳትና ምድጃው አጠገብ አስቀመጥኩላት። ጠዋት ስንነሣ የወፉ ሆድ ተሰንጥቆ፣ አንዱ ክንፉም ተገንጥሎ አገኘነው። ልጄ አላለቀሰችም፤ ክንፉን አንሥታ በምራቋ እያረጠበች መልሳ ልትለጥፈው ስትታገል ማየቱ ግን ከልቅሶዋ በላይ ከበደኝ። ያልተገባ ተስፋ የሰጠኋት እኔ ነበርኩና።

ሸክላ የያዘው ውሃ ሲተን ይኮማተራል፤ እንደ አፈሩ ዓይነት መጠኑ ከመቶ ከ5 እስከ 10 እጅ ያህል ይቀንሳል። በእሳት ወይም በፀሐይ ስናጣድፈው ስሱ ጠርዝ ቀድሞ ደርቆ ሲኮማተር ወፍራሙ መሐል ገና እርጥብ ስለሚሆን፣ ሁለቱ ይጓተቱና ይሰነጠቃል። ስለዚህ ሸክላው ከመቆረጡ በፊት ግራና ቀኝ በተቀመጡ፣ እኩል ውፍረት ባላቸው ሁለት ጠፍጣፋ እንጨቶች መካከል ተደርጎ፣ በግምት 6 ሚሊሜትር እስኪሆን ቢዳመጥ መልካም ነው። የማንጠልጠያው ቀዳዳም በእርጥብነቱ፣ ከጠርዙ ገባ ብሎ፣ ከክሩ ሰፋ ተደርጎ ይበሳ፤ ሲደርቅ እሱም ይጠባልና። ክንፍና ጆሮን የመሳሰሉ ተቀጥላዎች ደግሞ ተጭነው ብቻ አይያዙም። ሁለቱን ገጽ በስንጥር ጫር ጫር አድርጎ፣ ያንኑ ሸክላ በውሃ አቅጥኖ እንደ ሙጫ መቀባት ያስፈልጋል፤ ልጆች ከሥራው ሁሉ አብልጠው የሚወዱት ይህንኑ ነው።

ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ መጠበቅ ነው። ጌጦቹ ከፀሐይና ከነፋስ ራቅ ባለ ስፍራ፣ በመጀመሪያው ቀን በስስ ጨርቅ ተሸፍነው፣ በየቀኑ እየተገላበጡ ከ3 ቀን እስከ 1 ሳምንት ይቆዩ። መድረቃቸውን ለማወቅ ጌጡን ጉንጭ ላይ ማስነካት ይበቃል፤ ከቀዘቀዘ ውስጡ ገና እርጥበት አለ። ልጄ ዛሬ በየጠዋቱ ሳትለብስ ሮጣ ሄዳ ጌጦቿን አንድ በአንድ ጉንጯ ላይ ታስነካለች፤ «ይሄ ገና ነው» ብላ ስትመልሰው ስሰማ፣ ይህ የመጠበቅ ሳምንት ለእሷ የበዓሉ አንድ ክፍል እንደ ሆነ ይገባኛል። በምድጃ የሚተኮስ ከሆነ ደግሞ መድረቁ የግድ ነው፤ ውስጡ የቀረው ውሃ ከ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ሲሞቅ እንፋሎት ሆኖ ጌጡን ሊያፈነዳው ይችላል። ያልተተኮሰ ሸክላ ውሃ ሲነካው ተመልሶ ጭቃ ስለሚሆን ከቤት ውጭ አይሰቀል።

ስለ ጥንቃቄም ጥቂት ልበል። የደረቀ ሸክላ ብናኝ ለሳንባ ጎጂ ስለሆነ፣ ጠረጴዛው በእርጥብ ጨርቅ ይወልወል እንጂ አይጠረግ፤ ከ3 ዓመት በታች ላሉ ሕፃናትም ወደ አፍ የሚገቡ ቁርጥራጮች በአጠገባቸው አይተዉ።

አንድ ቅሬታ ግን ሳልናገር ማለፍ አልችልም። በአንድ የልጆች ዝግጅት ላይ አሠልጣኟ የእያንዳንዱን ልጅ ኮከብ እየተቀበለች በእርጥብ ጣቷ ስታስተካክል ተመልክቻለሁ። ኮከቦቹ በእርግጥ ያምሩ ነበር፤ ነገር ግን ወንዱ ልጄ ሊወስድ ሲመጣ የራሱን መለየት አቅቶት ጠረጴዛው ፊት ቆመ። አምስት ጫፍ ይኑረው ብለን ስድስተኛውን መቁረጥ፣ የአውራ ጣቱን አሻራ ማጥፋት ምን ይጠቅመናል? በእኔ እምነት የትልቅ ሰው እጅ የሚያስፈልገው ቀዳዳው ሲበሳና መጋጠሚያው ሲጠብቅ ብቻ ነው።

ስለዚህ የዝግጅት ክፍላችሁን በትሕትና የምጠይቀው፣ ከልጆች ጋር ስለሚሠሩ የሸክላ ጌጦች የምታወጡት ጽሑፍ ቢኖር ከበዓሉ ቢያንስ ሁለት ሳምንት ቀደም ብሎ እንዲወጣ ነው።

ከአክብሮት ጋር፣
የሁለት ልጆች እናት