የዓሣ እርባታ ክበብ የ2016 ዓ.ም. ዘገባ

ክበባችን በዓመቱ መጀመሪያ ያቀደው በትምህርት ቤታችን ግቢ ኩሬ ቆሮሶ (ቲላፒያ) የተባለውን ዓሣ ማርባትን ብቻ ነበር፤ አብዛኛው ድካማችን ግን በአካባቢያችን ኩሬ በቆፈሩ አራት አርሶ አደሮች ዘንድ ሆነ። በአንድ ቀበሌ የሚመደቡት የልማት ጣቢያ ሠራተኞች በአብዛኛው የሰብል፣ የእንስሳትና የተፈጥሮ ሀብት ባለሙያዎች ስለሆኑ፣ የዓሣው ሥራ ከላሙና ከዶሮው ጋር ተደርቦ በእንስሳት ባለሙያዋ ትከሻ ላይ ይወድቃል። እርሷ በየሳምንቱ ልትደርስባቸው ያልቻለችውን ኩሬዎች ተማሪዎቻችን መዝገብ ይዘው፣ ያሳየቻቸውን እየተከተሉ ሲጎበኙ ከረሙ።

በጥቅምት ወር በአንዱ ማለዳ የአንደኛው ኩሬ ዓሦች ውሃው ገጽ ላይ ተሰብስበው አፋቸውን ሲከፍቱና ሲገጥሙ ደረስን። ባለቤቱ የራባቸው መስሏቸው ፉርሽካ ሊበትኑ ሲሉ፣ አንዲት የ9ኛ ክፍል ተማሪ «አባባ፣ ይቆዩ፤ ያጠራቸው አየር ነው» አለቻቸው። ውሃውን አረንጓዴ የሚያደርገውና ቀን ኦክስጅን የሚሰጠው ዋቅላሚ ሌሊት እንደ ዓሣው ሁሉ ኦክስጅን ስለሚወስድ፣ የኩሬው ኦክስጅን ጎሕ ሲቀድ እጅግ ያንሳል፤ የተጨመረው ፍግ ሲበሰብስ ደግሞ የቀረውን ይሻማል። ፍጉንና ምግቡን አስቁመን ከቦዩ ውሃ አስገባን። ረፋድ ላይ አብዛኞቹ ወደ ጥልቁ ቢመለሱም የሞቱ ነበሩ። ፍግ እንዲጨምሩ ነግረን መጠኑን ሳናስረዳ የቀረነው እኛ ነንና እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ከዚያ ወዲህ በየጉብኝቱ ክንድን በውሃው ማጥለቅን ደንብ አደረግን፤ መዳፍ ውሃው ክርን ሳይደርስ ከተሰወረ ፍግ አይጨመርም።

ከሁሉ የከበደን የቆሮሶ መራባት ነው። ገና በጥቂት ወራት ዕድሜው ስለሚራባ ኩሬው በጫጩት ይሞላና ዓሣው ሁሉ ቀጭጮ ይቀራል። ስለዚህ ተማሪዎቹ ወንዱን ከሴቷ መለየት ተማሩ፤ ከሆድ ሥር ወንዱ ሁለት፣ ሴቷ ሦስት ቀዳዳ አላት። በትንንሾቹ ላይ ዓይን የሚፈትን ሥራ ቢሆንም፣ በየካቲት ወር ሁለት አርሶ አደሮች ወንዶቹን ብቻ ለይተው በአንድ ኩሬ አስገብተዋል። ሦስተኛው ጫጩቱን እንዲበላላቸው ጥቂት አምባዛ መጨመርን መረጡ።

በብርዱ ወራት ምግብ መቀነስን ማሳመን ብዙ ምልልስ ጠይቋል፤ ያሳመናቸውም ሳይበላ ኩሬው ዳር የተከማቸውን ፉርሽካ በዓይናቸው ማየታቸው ነው። የአራቱም ኩሬዎች መዝገብ ለባለሙያዋ ተሰጥቷል። በክረምቱ በየቅዳሜው የሚጎበኙ ስድስት ተማሪዎች ተመድበዋል።