የአስታማሚስ ፈቃድ?

ውድ አዘጋጅ፣

ባለፈው ወር እናቴ ሆስፒታል ተኝታ ነበር፣ 3 ሳምንት። ያለ አስታማሚ መተኛት ምን እንደሚመስል ታውቁታላችሁ። ለመድኃኒት ከፋርማሲ ፋርማሲ መዞሩ፣ ሾርባ በፔርሙስ ማመላለሱ፣ ሌሊት ወንበር ላይ ማደሩ ሁሉ የቤተሰብ ነው።

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለታመመ ሠራተኛ እስከ 6 ወር የሕመም ፈቃድ ይሰጣል። ለአስታማሚውስ? ከባድ ነገር ሲያጋጥመው ያለ ደመወዝ 5 ተከታታይ ቀን፤ ያውም በዓመት ከ2 ጊዜ አይበልጥም። አያድርገውና እናቴ ብትሞት ግን 3 ቀን በደመወዝ አገኝ ነበር!

እኔ የዓመት ፈቃዴን አሟጥጬ ተረፍኩ። እህቴ ግን ፈቃድ ስታጣ ሥራዋን ለቀቀች።

ደመወዙ እንኳ ይቅር። ቢያንስ 1 ወር አስታመን ስንመለስ ቦታችን ይጠብቀን።

አንዲት የፋብሪካ ሠራተኛ፣ ከአዲስ አበባ