ከሠዓሊው በፊት ቆርቆሮው

ይድረስ ለአዘጋጁ፣

የጎጃም ሠዓልያን የቤተ ክርስቲያን ግድግዳ፣ የብራና ሥዕልና የሱቅ ታፔላ እያፈራረቁ ይሠራሉ። አሠሪው ግን ሁሉንም ታፔላ በሚፈጀው ጊዜ ይለካዋል። ጭቃ ግድግዳ ላይ በቀጥታ የተቀባ የዘይት ቀለም እርጥበቱ መውጫ ሲያጣ ያብጥና ይላጣል። ጣና ሐይቅ ዳር በዘጌ ባለው የኡራ ኪዳነ ምሕረት ቤተ ክርስቲያን እንደሚታየው ሥዕሉ በጥጥ ጨርቅ ላይ ሆኖ ቢለጠፍ ይሻላል። ጨርቁ አስቀድሞ ታጥቦ ይድረቅ፤ አለዚያ ሙጫው ሲነካው ተኮማትሮ ይሸበሸባል። ሲለጠፍም ከመሀል ወደ ዳር እየተዳመጠ አየሩ ይውጣ። ምርጊቱ ሳይደርቅ፣ በተለይ በክረምት፣ መለጠፍ ገንዘብ መጣል ነው። ብራናውም ቢሆን የፍየል ቆዳ ተነክሮ፣ ተወጥሮ፣ ተፍቆ እስኪደርቅ ቀናት ይፈልጋል፤ ለነገ ንግሥ ዛሬ አይታዘዝም! ጣሪያው የሚያፈስ ከሆነ ደግሞ ሠዓሊ ከመጥራት በፊት ቆርቆሮው ይቀየር።

ከደብረ ማርቆስ