የተነሣ ሐውልት የት እንደገባ ይነገረን

ለተከበሩ የጋዜጣው አዘጋጅ፣

ሚያዝያ 24 ቀን 2005 ዓ.ም ፒያሳ ነበርኩ። የአቡነ ጴጥሮስ ሐውልት ለቀላል ባቡሩ ሥራ ተብሎ የተነሣ ዕለት ነው። ሕዝቡ ዳር ዳሩን ቆሞ ክሬኑን ያያል። አጠገቤ የነበሩ አንዲት እናት ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ያለቅሱ ነበር። «እሳቸውን ስንት ጊዜ ነው የሚገድሏቸው?» ሲሉ ሰማኋቸው። አቡነ ጴጥሮስን ጣሊያን የረሸናቸው ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም ነው። ለእናታችን ግን ነገሩ የትናንት ያህል ነበር።

ሐውልቱ ይመለሳል ተባለ፤ በ2008 ዓ.ም ተመለሰም። ቃል መከበሩ ደስ ብሎኛል፣ ዛሬም አመሰግናለሁ። በመሃል ያለፈው ጊዜ ግን ከባድ ነበር። ተሰብሯል የሚል አለ፣ በዚያው ይቀራል የሚልም አለ። ሐውልቱ ብሔራዊ ሙዚየም ተቀምጦ ነበር። ይህንን የምትናገር አንዲት ወረቀት ግን ቦታው ላይ አላየሁም።

ሰው ቢጠራጠር አይፈረድበትም። በ1923 ዓ.ም የተመረቀውን የዳግማዊ ምኒልክን ሐውልት ፋሺስቶች ነቅለው ቀብረውት ነበር። የተመለሰው አገር ነጻ ከወጣች በኋላ ነው። ይህን ከአባቱ የሰማ የአራዳ ልጅ ሐውልት ሲነቀል ሲያይ እንዴት አይደነግጥ?

ሕግ አለን። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 የማይንቀሳቀስ ቅርስ ያለ ቅርስ ባለሥልጣኑ የጽሑፍ ፈቃድ ከቦታው እንዳይነሣ ይከለክላል። ጥሩ ነው። ግን ፈቃዱ ፋይል ውስጥ ከተቀመጠ ለእኛ ምን ይጠቅመናል?

አሁን በኮሪደር ልማቱ ከተማው ሁሉ እየተቆፈረ ነው። የማውቃት ፒያሳ ከግማሽ በላይ የለችም ብል ብዙ አላጋነንኩም። መንገድ አይሠራ አልልም። የምጠይቀው ቀላል ነገር ነው። ሐውልት ወይም የቆየ ቅርስ ሲነሣ ፈቃዱ እዚያው አጥሩ ላይ ይለጠፍ። ማን እንደፈቀደ፣ የት እንደሚቀመጥ፣ በየትኛው ቀን እንደሚመለስ በትልልቅ ፊደል ይጻፍበት። ቀኑ ካለፈም ምክንያቱ እዚያው ይነገረን።

እናንተም ብትችሉ ያንን ፈቃድ ጠይቃችሁ በጋዜጣችሁ አውጡልን።

ከአክብሮት ጋር
ፒያሳ ተወልዶ ያደገ አንባቢያችሁ