ሴሎቹ ዘገዩ ወይስ ሞቱ?

ውድ ልጄ፣

ለመመረቂያ ጥናትሽ ኩርኩሚንን መምረጥሽ አልከፋኝም። እርድን ቢጫ የሚያደርገው ይህ ንጥረ ነገር የሳንባ ካንሰር ሴሎችን ጉዞ ያዘገያል የሚል ጽሑፍ ሞልቷል። ብዙ ጊዜ ግን የሚለካው የሴል ጉዞ ሳይሆን የሴል ሞት ነው። አንቺ ሁለቱን ለይተሽ አሳዪ።

መጀመሪያ ክምችቱ፣ ማለትም በኋላ የምትበርዢው ወፍራም ውህድ። 7.4 ሚሊግራም ኩርኩሚን በ1 ሚሊሊትር ዲኤምኤስኦ (ማሟሚያ ፈሳሽ) ስታሟሚ 20 ሚሊሞላር ይሆናል። ከዚያ 1 ማይክሮሊትር በ1 ሚሊሊትር ሚዲየም (የሴል ማሳደጊያ ፈሳሽ) ውስጥ ሲገባ 20 ማይክሮሞላር ይሰጥሻል፤ ዲኤምኤስኦውም 0.1 በመቶ ብቻ ነው። ኩርኩሚን የማይገባበት መቆጣጠሪያ ጉድጓድም (ጉድጓድ የምለው ሴል በሚያድግበት ፕሌት ላይ ያለውን ነው) ይኸው መጠን ዲኤምኤስኦ ይጨመርበት። ክምችቱን በትናንሹ ከፋፍለሽ ብርሃን በማያስገባ ዕቃ አቀዝቅዢው። ኩርኩሚን ሴረም (ከደም የሚገኝ የሴል ምግብ) በሌለው ሚዲየም ውስጥ በ37 ዲግሪ አብዛኛው በግማሽ ሰዓት ይፈርሳል። ስለዚህ የተበረዘውን አስቀምጠሽ አትቆዪ፤ እንደበረዝሽው ጨምሪ።

ቀጥሎ ኤምቲቲ፦ ሕያው ሴል ቀለሙን ስለሚቀይረው ስንት ሴል እንደተረፈ የሚያሳይ ንጥረ ነገር። በ24 ሰዓት ከ90 በመቶ በላይ የኤ549 (የሳንባ ካንሰር) ሴሎች የሚተርፉበትን መጠን ፈልጊ፤ ለጉዞ ሙከራ የሚሆነው እሱና ከሱ በታች ያለው ነው። ሴል የሌለበት ጉድጓድ ውስጥም ኩርኩሚንና ኤምቲቲ አንድ ላይ አድርጊ። ኩርኩሚን ራሱ ቢጫ ነው፤ ፖሊፊኖል በመሆኑም ኤምቲቲውን ያለ ሴል ሊያቀልም ይችላል። ይህን ካልቀነስሽ የሞተው ሴል ሕያው መስሎ ይታይሻል።

የጭረት ሙከራው ላይ፣ ማለትም የሴሎቹን ንጣፍ ጭረሽ ክፍተቱን በምን ፍጥነት እንደሚዘጉት በምታዪበት፣ አትቸኩዪ። ስድስት ጉድጓድ ባለው ፕሌት በየጉድጓዱ 5 መቶ ሺህ ያህል ሴል ዝሪና ወለሉን ሙሉ እስኪሸፍን ጠብቂ፤ ክፍተት ካለ ጭረቱ ራሱ ምን እንደሆነ አይታወቅም። ከፕሌቱ ሥር በማርከር መስመር አስምሪ። በ200 ማይክሮሊትር የፒፔት ጫፍ፣ ጫፉን ቀጥ አድርገሽ ይዘሽ፣ መስመሩን የሚያቋርጥ ጭረት በአንድ እጅ እንቅስቃሴ ሳቢ። ሲላላ ሴል ይተርፋል፤ ሲጠነክር ፕላስቲኩ ይቦረቦራል፣ ሴሎቹም ያንን አይሻገሩም። በፒቢኤስ (ሴል የማይጎዳ የጨው ውህድ) ሁለት ጊዜ በግድግዳው በኩል በቀስታ እጠቢ፤ የተላቀቁት ካልታጠቡ ጭረቱ ውስጥ ተመልሰው ይቀመጣሉ። ከዚያ ኩርኩሚን (ለመቆጣጠሪያው ዲኤምኤስኦ ብቻ) የተጨመረበት፣ 1 በመቶ ሴረም ያለው ሚዲየም ስጪ። ሴረሙን ጨርሶ ብታስቀሪው ኩርኩሚኑ ይፈርሳል፤ ብታበዢው ሴሉ ይባዛል።

ፎቶ በ0፣ በ12 እና በ24 ሰዓት፣ ሁሌም ከማርከሩ ጎን ከአንድ ቦታ። በኢሜጅጄ (የምስል መለኪያ ሶፍትዌር) የምትለኪው ስፋቱን በአንድ መስመር ሳይሆን ባዶውን ቦታ በሙሉ ነው። ኤ549 በአንድ ቀን ገደማ እጥፍ ስለሚሆን ከ24 ሰዓት በኋላ የተዘጋው በጉዞ ይሁን በመባዛት አይለይም። አስፈላጊ ከሆነ ከመጫርሽ በፊት ለሁለት ሰዓት በ10 ማይክሮግራም በሚሊሊትር ማይቶማይሲን ሲ መባዛቱን አቁሚ።

ትራንስዌሉ፣ ሴሎች በቀዳዳ ከላይ ወደ ታች ሲያልፉ የሚቆጠሩበት ዕቃ፣ ቀላል ነው፦ ባለ 8 ማይክሮሜትር ቀዳዳ። ቀዳዳዎቹ ላይ የሚቀባው ማትሪጄል (ሲሞቅ የሚረጋ ጄል) ሌሊቱን በረዶ ላይ ሆኖ ይቅለጥ፤ የፒፔት ጫፎቹም ቀዝቃዛ ይሁኑ፣ አለዚያ እጅሽ ላይ ይረጋል። ሲያልቅ ከላይ የቀሩትን በጥጥ ጥሩ አድርገሽ ጥረጊ፤ ካልተጠረጉ ያለፉ መስለው ይቆጠራሉ።

ስትጽፊ አንድ ቁጥር አትርሺ። ሰዎች በቀን 8 ግራም ኩርኩሚን ሲውጡ በደማቸው የታየው ከፍተኛ መጠን 2 ማይክሮሞላር እንኳ አልሞላም። ሙከራው በ20 እና በ40 ማይክሮሞላር ብቻ ሠርቶ በ2 ካልሠራ ይህን በግልጽ ጻፊው። ዘመድ «እርድ እንጠጣ?» ሲልሽም ወጥ ውስጥ የሚገባው ችግር የለውም፤ ክኒኑ ግን፣ በተለይ ቁንዶ በርበሬ የተቀላቀለበት፣ ጉበት የጎዳባቸው ሰዎች አሉ፤ ኬሞ የሚወስድ ሰው ሐኪሙን ሳይጠይቅ አይጀምር በዪ።

ፎቶዎቹን ላኪልኝ፣ የ0 ሰዓቱንም ጨምረሽ።

እናትሽ