መስቀሉ የሸክላውን ጉድለት አይሸፍንም

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ጥር ሲቃረብ በሰሜን ሸዋ የንግሥ ገበያ ላይ የሸክላ ዕቃ ይበዛል፤ የዕጣን ማጨሻ፣ የጧፍ ማቆሚያ፣ የጸበል ገንቦ፣ ለጽዋ ማኅበር የሚሆን ዋንጫ። አብዛኛው መስቀል ተቀርጾበታል። ገዢውም መስቀሉን አይቶ ይገዛል፤ አንኳኩቶ የሚገዛው ጥቂት ነው። እኛ ይህንኑ ሥራ በጋራ የምንሠራ ባልና ሚስት ነን። መንፈሳዊ ምልክት ያለበት ዕቃ ከሌላው ይልቅ ተጠንቅቀው ሊሠሩት የሚገባ ሆኖ ሳለ፣ ምልክቱ ለጥሬ፣ ማለትም በእሳት በደንብ ላልበሰለ ሸክላ መሸፈኛ ሲሆን ማየት ያሳዝነናል።

ችግሩ የሚጀምረው ከወቅቱ ነው። ለጥር የሚሸጠው ዕቃ የሚሠራው በኅዳርና በታኅሣሥ ነው። በደብረ ብርሃን፣ በመንዝና በጣርማበር ደጋ እነዚህ ወራት ቀን ፀሐይና ደረቅ ነፋስ፣ ሌሊት ውርጭ ናቸው። እርጥብ ሸክላ ደጅ ካደረ በውስጡ ያለው ውኃ በረዶ ይሆናል፤ ውኃ በረዶ ሲሆን ደግሞ በ9 በመቶ ገደማ ይሰፋል። ጠዋት ዕቃው ደኅና ይመስላል፣ ውስጡ ግን ተለያይቷል። ጉዳቱ የሚገለጠው እሳት ላይ ወይም ገዢው ቤት ገብቶ ነው። ቀን ደግሞ ነፋሱ ከንፈሩን ቀድሞ ያደርቀዋል፣ ታቹ እርጥብ እንደሆነ ይቀራል። የደረቀው ሲኮማተር ያልደረቀው ስለማይከተለው ከአፉ ወደ ታች ይሰነጠቃል። መፍትሔው ቤት ውስጥ በማዳበሪያ ከረጢት ሸፍኖ ማቆየት፣ ከንፈሩ ጠንከር ሲል ደግሞ ገልብጦ ታቹን ማናፈስ ነው። ማጨሻ እስከ 10 ቀን፣ 5 ሊትር የሚይዝ ገንቦ 2 ሳምንት ይፈልጋል። ይህን ጊዜ በፀሐይ ማሳጠር አይቻልም።

አፈሩም ይመረጣል። በደጋው ሜዳ እንደ ልብ የሚገኘው ዋልካ ሲረጥብ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይተረተራል፤ ብቻውን አይሆንም። ከቦካው ጭቃ ጣት የሚያህል አድቦልቡሎ 10 ሳንቲ ሜትር መስመር አስምሮበት ሲደርቅ መለካት ነው። መስመሩ ከ9 ሳንቲ ሜትር ካነሰ ገል፣ ማለትም የተሰበረ ሸክላ፣ ተወቅጦ፣ በዱቄት ወንፊት ተነፍቶ ይጨመርበታል። እኛ ለማጨሻ በሦስት ጣሳ አፈር አንድ ጣሳ ገል፣ ለገንቦ በአራት ጣሳ አንድ እንጨምራለን። ማጨሻው ብዙ ገል የሚፈልገው ፍም በድንገት ስለሚጨመርበት ነው። ነጫጭ የኖራ ጠጠር ያለበት አፈር ከሁሉ የከፋ ነው፤ ኖራው በእሳት ይቃጠልና ከቀናት በኋላ ከአየሩ እርጥበት ስቦ ሲያብጥ የዕቃውን ፊት ይፈነቅለዋል። ደረቁ አፈር ላይ አቼቶ ወይም ሎሚ ጠብ ሲያደርጉበት አረፋ ከደፈቀ ኖራ አለበትና መተው ነው።

መስቀሉ ላይ ሁለት ስሕተት ደጋግመን እናያለን። አንደኛው ማጨሻውን በሚበሳው መስቀል ላይ ነው። የመስቀሉ የውስጥ ማዕዘኖች በቢላ ሹል ሆነው ከተቆረጡ ስንጥቁ የሚነሣው ከዚያው ነው። በቀጭን እንጨት ማዕዘኑን ማዞር፣ ማለትም ክብ ማድረግ፣ ብዙ ዕቃ ያድናል። ሁለተኛው ተለጣፊው መስቀል ነው። ገላው ጠንክሮ መስቀሉ እርጥብ ከሆነ ሲደርቅ ተላቆ ይወድቃል። ሁለቱም እኩል እርጥበት ላይ ሳሉ ፊታቸውን መጫር፣ በዚያው አፈር ቀጭን ጭቃ መቀባት፣ ከዚያ አየር እስኪወጣ መጫን ያስፈልጋል። ለቅርጽም ቢሆን ውፍረቱ 8 ሚሊ ሜትር በሆነ ገላ ላይ ከ2 ወይም ከ3 ሚሊ ሜትር በላይ ባይጠለቅ ይመረጣል።

ወደ እሳቱ እንምጣ። ዕቃው ደረቅ መስሎ ሲታይም ውስጡ ውኃ አለ። ጉንጭ ላይ አድርገው ሲይዙት ከቀዘቀዘ አልደረቀም። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,800 ሜትር ስለሆነች ውኃ የሚፈላው በ90 ዲግሪ ገደማ ነው። እንፋሎቱ ቆላ ካለው ሸክላ ሠሪ ይልቅ እኛ ዘንድ ቀድሞ ይነሣል ማለት ነው። ስለዚህ እሳቱን ከመልቀቅ በፊት ለ2 ወይም ለ3 ሰዓት ዳር ዳሩን ማሞቅ ግድ ነው። ይህ ሲዘለል ዕቃው እየጮኸ ይፈነዳል፣ አጠገቡ ያለውንም ዕቃ ይዞ ይሄዳል። ከዚያ ኩበት፣ ጭድና የባሕር ዛፍ ቅጠል ይደረብና በነፋሱ በኩል በገል ይከለላል። ወደ ማታ ማቃጠል ጥሩ ነው፤ የዕቃው ቅላት የሚለየው ሲደነግዝ ነው። ድፍን ቀይ ሆኖ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ካልቆየ ጥሬ ነው። ከ600 ዲግሪ በታች የቀረ ሸክላ ውኃ ሲያገኝ መልሶ ጭቃ ሊሆን ይችላል። ትልልቁን ዕቃ በእጅ እስኪያዝ ድረስ ከአመዱ አለማውጣት ነው፤ ትኩሱን ነፋስ ሲመታው ይሰነጠቃል።

ከሁሉ በላይ የሚያሳስበን ቀለሙ ነው። ጥሬው ሸክላ ፈዛዛ ስለሆነ የጫማ ቀለም ይቀባና ጥቁር ይመስላል፣ ወይም ቀይና ወርቃማ የዘይት ቀለም ይቀባል። እውነተኛው ጥቁረት የሚመጣው ዕቃው እንደጋለ ጭድ ውስጥ ተቀብሮ ጭሱ ሲሰርገው ነው፤ እሱ አይለቅም። የተቀባ ማጨሻ ላይ ፍም ሲጨመር ከዕጣኑ ጋር የሚሸተው የተቃጠለ ቀለም ነው። ልጆችና አረጋውያን ባሉበት የጸሎት ቤት ይህ መደረግ የለበትም። የዘይት ቀለም እርሳስ ሊኖርበት ስለሚችል በሚጠጣበት ዋንጫ ከንፈር ላይማ ፈጽሞ አይገባም። ገዢ ሆይ፣ ነጭ ጨርቅ ጥቂት ዘይት አስነክተህ እሸው፤ ጥቁረቱ ከለቀቀ አትግዛው።

ማጨሻው ቤት ከገባ በኋላ ታቹ ላይ ሁለት ጣት የሚያህል አመድ ወይም አሸዋ አድርጎ ነው ፍም የሚጨመርበት። የጸበል ገንቦ ደግሞ ያልባል። ያ ጉድለት አይደለም፤ ላቡ ሲተን ነው ውኃውን የሚያቀዘቅዘው። ሥሩ ሳህን ይቀመጥለት። በሳሙና አይታጠብ፣ ሳሙናውን ይጠጣዋልና። እንዳያልብ የሚፈልግ ሰው ገንቦውን ለብ አድርጎ ውስጡን በንጹሕ የንብ ሰም ማሸት ይችላል፤ ግን ከዚያ ወዲያ አያቀዘቅዝም፣ ትኩስ ነገርም አይጨመርበትም። ዛሬ ገበያ ላይ ያለው ጧፍ ሁሉ የንብ ሰም ስላልሆነ የጧፍ ቁራጭ ለዚህ አይሆንም።

መጽሐፈ ሲራክ ምዕራፍ 38 ሸክላ ሠሪውን ሲገልጽ ሥራውን ለመፈጸም የሚጨነቅና ምድጃውን ለማጽዳት የሚተጋ ያደርገዋል። ዳግማዊ ምኒልክም ባለ እጁን በሥራው መስደብን በ1900 ዓ.ም. በአዋጅ ከልክለዋል። ስድቡ ግን አልጠፋም፤ በዚህ ምክንያት ልጆች ከእናቶቻቸው እሳቱን ሳይማሩ ይቀራሉ፣ ቀለም ቀቢው ይበዛል።

ለማኅበራትም አንድ ልመና አለን። ሁለት ሰው የሚሠራበት ቤት በቀን 10 ያህል ማጨሻ ያበጃል። ሰንበትና ወርኃዊ በዓላት ሲቀነሱ 200 ማጨሻ ለማበጀት ብቻ አንድ ወር ይፈጃል፤ ማድረቂያው 10 ቀን፣ በአንድ ጊዜ 40 እየተባለ አምስት ጊዜ ማቃጠሉ ሌላ ሳምንት ነው። ለጥምቀት የሚፈለግ ዕቃ ከኅዳር ሚካኤል በፊት ይታዘዝ። በታኅሣሥ መጨረሻ የመጣ ትእዛዝ ወይ በፀሐይ ይደርቃል፣ ወይ ጥሬ እንደሆነ በቀለም ይሸፈናል።

የንግሥ ገበያ የሚያስተናግዱ ኮሚቴዎች ደግሞ በሸክላ መደዳው አጠገብ አንድ ባልዲ ውኃና አንድ ነጭ ጨርቅ ያስቀምጡልን። ሻጩ ከደረደረው አንዱን ዕቃ ጠዋት ውኃ ውስጥ ይተው፤ ገዢው ቀትር ላይ አውጥቶ በጥፍሩ ይሸው፤ ጭቃ ከወጣው ያየዋል።

ከአክብሮት ጋር፤
ባልና ሚስት ሸክላ ሠሪዎች፣ ከሰሜን ሸዋ