ፎርም እንዳትሞላ፦ ደብዳቤ ለልጄ

ጎንደር፣ ሰኔ 20 ቀን 2007

ይድረስ ለምወድህ ልጄ፣ ለጤናህ እንደምን አለህልኝ፣ እኛ ከናፍቆትህ በቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ክረምቱ ገብቷል፣ መብራት ሲመጣ ኔትወርክ የለም ኔትወርክ ሲመጣ መብራት የለም፣ ቫይበሩም ሁለት ቃል ብሎ ይቆረጣል፣ ለዛ ነው በእህትህ ላፕቶፕ ምጽፍልህ። ጣቴ የታይፑን ነገር አልረሳም፣ አንተ ብቻ ስህተቱን አትቁጠር።

ፎቶህን አይቼዋለሁ። አንተ የላክልኝ እንዳይመስልህ፣ የጎረቤታችን ልጅ ናት ከፌስቡክ አውጥታ ያሳየችኝ፣ ባልቲሞር ፌደራል ሂል ሚባለው መናፈሻ ውስጥ ከሰው መሀል ቆመህ ወረቀት ከፍ አድርገህ። እኔ መጀመሪያ ያየሁት ወረቀቱን ሳይሆን አንገትህን ነው፣ ከስተሃል። እሷ "ልጅዎ ፖለቲካ ገባ እኮ" እያለች ትስቃለች፣ እኔ አቦሉን እንኳ ሳልጨርስ ተነስቼ ወደ ጓዳ ገባሁ። ከዛ እህትህን አፋጥጬ ሁሉን አወጣጣኋት፣ የቀድሞው የሜሪላንድ አገረ ገዥ ማርቲን ኦማሊ ፕሬዝዳንት ልሁን ብሎ መነሳቱን፣ አንተ ለሱ በነፃ እንደምትሮጥ፣ የሌሊቱን የፓርኪንግ ሥራ ልትተው እንደሆነ፣ ከመስከረም በኋላ ደሞ አዮዋ ሚባል ሀገር ልትከርም እንደሆነ። ለሷ ነግረህ ለኔ ምን ከለከለህ?

አንድ ነገር ላስቀድም፣ ሌላውን በኋላ እንጫወታለን። ፎርም እንዳትሞላ። የመራጮች ምዝገባ የሚል ወረቀት ማንም ይስጥህ ማን እንዳትፈርምበት።

ዜግነትህን ገና አልያዝክም፣ በዲቪ ሄደህ ያለህ ግሪን ካርድ ነው። ግሪን ካርድ ያለው ሰው መቀስቀስም ገንዘብ መስጠትም ይችላል ብለህ ለእህትህ ነግረሃታል፣ ልክ ነህ፣ እኔም አስጠይቄአለሁ። መምረጥ ግን አይችልም፣ ዜጋ ነኝ ብሎ መፈረም ደሞ ከሁሉ የባሰ ነው፣ ከሀገር ያስባርራል። ነገ ለዜግነት ስታመለክት ቅጹ ላይ መርጠህ ወይም ለመምረጥ ተመዝግበህ ታውቃለህ ወይ ብሎ ይጠይቅሃል፣ ያን ጊዜ ሳላውቅ ነው ብትል ማን ይሰማሃል። መንጃ ፈቃድ ስታድስም በመራጭነት ልመዝግብህ ይላሉ አሉ፣ አይ በል። ታኮማ ፓርክ ያለ ዜግነት መምረጥ ይቻላል ያልካት ለዛች ከተማ ከንቲባና ምክር ቤት ብቻ ነው እንጂ ለፕሬዝዳንት አይደለም፣ እንዳታምታታው። አዮዋ ደሞ ይበልጥ ያስፈራኛል፣ ኮከስ ሚሉት የፓርቲ ዕጩ መምረጫ ስብሰባ ማታ እዛው በር ላይ መመዝገብ ይቻላል ተብሏል፣ አንተ ለሰው ወረቀት ስታድል አንዱ "አንተስ?" ይልሃል፣ ይሉኝታህን ደሞ አውቀዋለሁ፣ እምቢ ማለት ያቅትሃል።

ለምን ይሄን ያህል እንደምጨነቅ በከፊል ታውቃለህ። ትልቁ አጎትህ ፖለቲካ ውስጥ ነበር ብለው የሚያወሩትን አትስማ፣ ኳስ ነበር ሚጫወተው። በ1969 ለሰፈሩ ቡድን ማልያ ይሰጣል ስማችሁን አምጡ ተባለና በደብተር ወረቀት ጻፉ፣ የእጅ ጽሕፈቱ ስለሚያምር የሁሉንም ስም የጻፈው እሱ ነው፣ ከላይ አንደኛ አድርጎ የራሱን። ማልያው አልመጣም። ወረቀቱ ከማን እጅ ወደ ማን እጅ እንደዞረ እስከዛሬ ሚያውቅ የለም፣ ግን በዓመቱ ቤት ለቤት ሲለቅሟቸው በዛችው ተራ ነው የለቀሟቸው፣ ከላይ ወደ ታች። ስድስተኛው ልጅ የራሱን ቦታ ቆጥሮ ሌሊቱን በመተማ በኩል ጠፋ፣ እሱ ነው ኋላ ያወራን።

አያትህ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ከአስተዳደሩ ግቢ በር ላይ እየዋለች ትመጣ ነበር። የጎንደር እናቶች ለገዥው "የዛሬን ማርልኝ ሁለተኛ አልወልድም" ብለው የገጠሙትን አንተም ታውቀዋለህ፣ እናንተ ዘንድ እንደ ቀልድ ይባላል፣ እኔ ግን ከእናቴ አፍ ነው የሰማሁት፣ ምጣዱን እያሰሰች። እሷ እንኳ ሬሳ አልተሰጣት። በኋላ ዘመድ ለምኖልኝ እዛው ግቢ ታይፒስት ሆኜ ስቀጠር በበሩ አልገባም ብዬ በጓሮ ነበር ምገባው፣ አባትህ እስኪያገባኝ ድረስ አላወቀም።

ተው ልተወው፣ ስለሱ ልጽፍ አልነበረም የተነሳሁት።

የቀድሞ ገዥ ሲባል ምን እንደሚመጣብኝ ልንገርህና። መንግሥት ከተለወጠ በኋላ፣ አንድ የአውራጃ አስተዳዳሪ የነበረ ሰው፣ ክፉ አልነበረም እሱ፣ የጡረታ ወረቀት ሊጠይቅ እኔ ጋ መጣ። ድሮ ላንድሮቨሩ ስታልፍ ጃንተከል ዋርካ ስር የተቀመጠ ሁሉ ብድግ ይል ነበር። ዘበኛው መታወቂያ ጠየቀው። ኮቱ ያው የድሮው ኮት ነው፣ ክንዱ ላይ በሌላ ክር ተጠግኗል። እኔ ሳላስበው ከወንበሬ ተነሳሁ፣ የልማድ ነገር፣ እሱም ግራ ቀኝ አይቶ "ተቀመጪ ልጄ፣ አሁንማ ባለጉዳይ ነኝ" አለኝ። ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል ይላል ሰው፣ ያ ሰውዬ ግን አልበላም ነበር፣ ለዛ ነው ወረቀቱን ሳላመላልሰው በዛው ቀን የጻፍኩለት። በኛ ሀገር የተሻረ ገዥ ወይ ታስሯል ወይ ተሰዷል፣ ሲሻለው ደሞ እንደዚህ ተሰልፏል። ያንተ ሰውዬ ስምንት ዓመት ገዝቶ ጥር ላይ አስረክቦ፣ ግንቦት 22 መናፈሻ ወጥቶ አሁን ደሞ ፕሬዝዳንት አድርጉኝ ይላል፣ ሚይዘውም የለም። እውነቴን ነው ምልህ፣ ይሄን ነገር ቀናሁበት። እኛም ግንቦት 16 መርጠን ነበር፣ ሰሞኑን ውጤቱ ተነገረ፣ 547ቱም ወንበር ለኢህአዴግና ለአጋሮቹ። ሌላውን ስትመጣ በቃል።

ንግግሩን እህትህ ተርጉማልኛለች። የአሜሪካ ፕሬዝዳንትነት ሁለት ንጉሣዊ ቤተሰብ የሚቀባበሉት ዘውድ አይደለም አለ አሉ፣ ለቡሽና ለክሊንተን ቤት መሆኑ ነው። ይሄንን ለጎንደር ሰው መንገር! በመሳፍንቱ ዘመን እዚህ ዘውዱ በስም ነበር እንጂ ያነገሠም የሻረም ገዥው ነው፣ የቋራው ካሳም ቢሆን ገዥ ነበር፣ በየካቲት 1847 ደረስጌ ማርያም ላይ ቴዎድሮስ ተብሎ እስኪነግሥ። ለነገሩ ሰውየው ሂላሪን እንዲህ ይናገር እንጂ በነሱ አቆጣጠር በ2008ቱ ምርጫ ለሷ ሲቀሰቅስ የነበረ ነው፣ ቪኦኤ ላይ ሰምቻለሁ፣ እኔን እንዳትሸውደኝ።

እንድትጠይቀው ምፈልገው ግን ሌላ ነው። ሚያዝያ ላይ ያ ፍሬዲ ግሬይ ሚባል ልጅ በፖሊስ እጅ እያለ ቆስሎ ሞቶ ባልቲሞር ስትቃጠል ደውለህልኝ ነበር አይደል? ኦማሊ ከገዥነቱ በፊት የዛችው ከተማ ከንቲባ ነበር። በሱ ጊዜ በነሱ አቆጣጠር በ2005 ብቻ ከ100,000 በላይ ሰው ታስሯል፣ ከተማዋ በሙሉ ሰባት መቶ ሺ ሰው አትሞላም። በረንዳ ላይ ቆምክ፣ ቢራ ከፈትክ እያሉ። ይሄ እኮ አፈሳ ነው! የመብት ድርጅቶች ከስሰው ከተማዋ ካሣ ከፍላለች። አንተ አፈሳ ምን እንደሆነ ከሚያውቅ ቤት የወጣህ ልጅ ነህ፣ ወረቀቱን ከፍ አድርገህ ስትይዝ ይሄን አንብበህ ነው? መናፈሻው ውስጥ እየጮሁ የተቃወሙት ሰዎች ምን እንደሚሉ ጠጋ ብለህ ሰማህ? ሰውየው ወንጀል ቀንሷል ይላሉ፣ ይቀንስ፣ የታፈሰው ልጅ እናት ጋ ሄደህ ግን ይሄንን አትነግራትም።

ደግ ሥራውንም አልክድበትም። በነሱ በ2013 የሞት ቅጣትን ከሜሪላንድ ሕግ አስወጥቷል። ይሄን ስሰማ አላመንኩም፣ ደግሜ ነው ያስነበብኳት። ሕጉ ካለፈ በኋላም ቀድሞ የተፈረደባቸው አራት ሰዎች ቀርተው ነበር፣ ሥልጣኑን ሊለቅ ሲል የነሱንም ወደ ዕድሜ ልክ ለወጠው። ገዳዮች ናቸው አውቃለሁ፣ የሞቱት ሰዎች ቤተሰብም ተቆጥቷል። እኔ ግን የአራቱን ሰዎች እናቶች ነው ያሰብኩት። ገዥ በእስኪርቢቶ ሰው ሲያተርፍ በዕድሜዬ ሰምቼ አላውቅም፣ አያትህ ብትኖር ምን ትል ነበር እያልኩ እንቅልፍ አልወሰደኝም። ስለዚህ ተወው አልልህም። ሁለቱንም እወቅ ነው ምልህ፣ እስር ቤት የከተታቸውንም ያተረፋቸውንም። ፎርም ግን አትሙላ።

ያሸንፋል ወይ ላልከው፣ እህትህ እንዳለችኝ በየመጠይቁ ጥቂት ፐርሰንት ነው ያለው፣ ሂላሪ አለች፣ ያ ሽማግሌው ሳንደርስም አለ። በኦማሊ በራሱ ሀገር እንኳ ምክትሉ ቦታውን ሊይዝ ተወዳድሮ በሪፐብሊካኑ ተሸንፏል። አንተ ካርተርን እያነሳህ ትከራከራለህ አሉ። እሱስ እውነት ነው፣ የጆርጂያ ገዥ የነበረ የኦቾሎኒ ገበሬ ነው፣ ማንም ሳያውቀው አዮዋ ላይ ቤት ለቤት ዞሮ በነሱ አቆጣጠር በ1976 ተመረጠ። እኛ ያወቅነው በሬዲዮ ሲሰደብ ነው፣ ገና ከመግባቱ በኛ በ1969 የካቲት በሰብአዊ መብት ምክንያት ለደርግ ሚሰጠውን የጦር እርዳታ ቀነሰ፣ ኢምፔሪያሊስት እየተባለ ሲወገዝ ነበር። ለአጎትህ አልደረሰለትም። ኋላ ግን በ97 ምርጫ ታዛቢ ሆኖ መጣ፣ ድርጅቱም ከጤና ቢሮው ጋር በክልላችን ትራኮማ በሚሉት የዓይን በሽታ ላይ እስካሁን ይሰራል፣ አያትህ ሽፋሽፍቷ ወደ ውስጥ እየበቀለ በወረንጦ ስትነቅል የኖረችው ይሄ ዘመቻ ሳይደርስላት ነው። ደንቢያ ያሉት አክስትህ ግን የዓይን ቆባቸው ተሰርቶላቸው ይኸው ስንዴ ይለቅማሉ። እንግዲህ ካርተር ካርተር ነው፣ ያንተ ሰውዬ ደሞ ሌላ ሰው ነው።

ደሞ ያ ኮከስ። በአዳራሽ ተሰብስቦ ለሚደግፉት ሰው በቡድን በቡድን መቆም፣ ጎረቤት እያየ! አስራ አምስት ከመቶ ያልሞላለት ቡድን ይበተንና ወደ ሌላው ይሄዳል ብላኛለች እህትህ። እኔ የቀበሌ ስብሰባ ላይ እጅ አውጡ ሲባል ያደግኩ ሰው ነኝ፣ ስሰማው ሆዴ ተገላበጠ። እነሱ ግን ቆመው ሲያበቁ አብረው ኩኪስ በልተው ወደቤታቸው ይገባሉ አልካት አሉ። ከሆነ ጥሩ። አንተ ከጥግ ሆነህ እይ፣ ከየትኛውም ቡድን እንዳትቆም፣ አንድ ሰው ጎደለን ቢሉህም እንዳትቆም፣ ወረቀት ቢሰጡህ መልሰህ ስጣቸው።

ሥራህን አትተው። ሌሊቱን ወደ ቅዳሜና እሁድ አስቀይረው እንጂ አትተው፣ ቅስቀሳው ቢበዛ እስከ ጥር ነው፣ ኮከሱ ጥር 23 ላይ ነው ሚውለው፣ ከዛ በኋላ የቤት ኪራዩን ኦማሊ አይከፍልልህም። አዮዋ ብርዱ ሲልቨር ስፕሪንግን ያስንቃል ይላሉ፣ ወፍራም ካፖርት ግዛ፣ ያንን ቀጭን ጃኬት ይዘህ እንዳትሄድ። ዜግነቱን ስታገኝ ያኔ የፈለግከውን ምረጥ፣ ማንን እንደመረጥክም አልጠይቅህም።

በርበሬና ሽሮ፣ ትንሽ የገብስ ቆሎም፣ ሐምሌ መጀመሪያ በምትሄደው በአክስትህ ልጅ እልካለሁ። በርበሬው ዘንድሮ ያቃጥላል፣ ከሽሮው ጋር አንድ ላይ እንዳታስቀምጠው። ለሷ ከሁሉም ግማሹን ስጣት፣ ሻንጣዋን የሞላነው እኛ ነን። ስትመለስ ለአባትህ የስኳር መለኪያውን ስትሪፕ ላክ፣ ያለፈው ጊዜ የላክኸው ከማሽኑ ጋር አልገጠመም፣ የማሽኑን ፎቶ እህትህ ትልክልሃለች፣ ቁጥሩን አይተህ ግዛ። እሁድ ማታ በኛ ሁለት ሰዓት ላይ ደውል፣ መብራት ቢጠፋም በእህትህ ስልክ ሞክር።

እናትህ